ለጦር ልምምድ የሚዘጉ ደሴቶች ሕግ ለእኛ የወል ግጦሽ ምን ያስተምራል?

ጥያቄ፦ ደጋው ሰው (ባሶና ወራና)

ሰላም ለዚህ ቤት። ለወረዳ የመሬት ባለሙያዎች ሥልጠና የሚሆን አንድ የወረቀት ምሳሌ እየተዘጋጀ ነው። በእውን ያለ ቦታ አይደለም፣ ማንም እንዳይደነግጥ። ሁኔታው እንዲህ ነው፦ ገደል አፋፍ ላይ ያለ 400 ሄክታር የወል ግጦሽ ለተኩስ ልምምድ ይፈለጋል። መሀሉን ሰንጥቆ ወደ ቆላ የሚወርድ የገበያ መንገድ አለ። ከብት የሚጠጣበት ምንጭ አለ። በዓመት አንድ ቀን ታቦት የሚያርፍበት ሜዳም አለ። ሦስት ቀበሌ ያዋስነዋል።

ማነጻጸሪያ ሲፈለግ የሚገኘው ጽሑፍ አብዛኛው ስለ ደሴት ነው፦ የአሜሪካኖቹ ካሆኦላዌና ቪየኬስ፣ የእንግሊዞቹ የተኩስ ወረዳዎች። እኛ ባሕር የለንም። ቢሆንም ደሴትን በሕግ የሚዘጋ አገር ምን ምን ወረቀት ያወጣል? ሲዘጋ ቀድሞ ይጠቀምበት የነበረው ሰው መብት የት ይገባል? ሲመለስስ በምን ሁኔታ ነው የሚመለሰው? ከወዲያ ያለውንና ከእኛ ሕግ የሚገጥመውን ለይታችሁ ብትነግሩኝ።

መልስ 1፦ ጠበቃው

በቅድሚያ፣ አንድ ደሴት በአንድ ወረቀት አይዘጋም። መሬቱን የሚይዘው ሰነድ ሌላ ነው፣ በዙሪያው ያለውን ውኃ የሚዘጋው ሌላ፣ ሰማዩን የሚዘጋው ሌላ፣ የገባውን ሰው የሚቀጣው ደግሞ ሌላ። ክርክር ሁልጊዜ የሚነሣው ከአራቱ አንዱ በጎደለበት ነው።

መሬቱን እንይ። ካሆኦላዌ 116 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የሃዋይ ደሴት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1941 ፐርል ሐርበር ሲመታ በጦር ሕግ ተያዘ። ጦርነቱ ቢያልቅም አልተለቀቀም፤ በየካቲት 1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በትእዛዝ ቁጥር 10436 ለባሕር ኃይሉ ከለሉት። በዚያ ትእዛዝ ውስጥ አንድ ወሳኝ ቃል አለ፦ ደሴቱ ለባሕር ኃይሉ ሳያስፈልግ ሲቀር፣ በግዛቱ ላይ ወጪ ሳያስከትል፣ ለሰው መኖሪያ በአግባቡ አስተማማኝ አድርጎ የመመለስ ግዴታ። ከአርባ ዓመት በኋላ ደሴቱ ይጽዳ ሲባል ተከራካሪዎቹ መነሻ ያደረጉት ይህችኑ ቃል ነው። (የፍየል ነገር ለእኛ ሰው ሳይጠቀስ አይታለፍም፦ ትእዛዙ ሰኮናቸው የተሰነጠቀ እንስሳት ከ200 እንዳይበልጡ ይላል፤ ፍየሉ ሣሩን ጨርሶት አፈሩን ነፋስ ይወስደው ነበር።)

ሁለተኛው መንገድ ኪራይ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት በሰሜን ማሪያና ደሴቶች ፋራሎን ደ መዲኒላ የምትባል 206 ኤከር፣ ማለትም 83 ሄክታር ገደማ የሆነች ሰው የሌለባት ደሴት አለች። ማሪያናዎች ከአሜሪካ ጋር ባደረጉት ቃል ኪዳን ለ50 ዓመት፣ ሊታደስ ለሌላ 50 ዓመት፣ ተከራየች። ዋጋዋ 20,600 ዶላር ነበር፣ ለኤከር 100 ዶላር መሆኑ ነው። ለመቶ ዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈል! ሲታደስ ተጨማሪ ኪራይ የለም። የኪራይ ውል ደግ ነው የሚል ሰው ይህን ቁጥር ያስታውስ።

ሦስተኛው መግዛትና ማስለቀቅ ነው። ቪየኬስ፣ ፖርቶ ሪኮ፣ በ1940ዎቹ ከ33,000 ኤከሩ 26,000 ያህሉ በዚህ መንገድ ወደ ባሕር ኃይሉ ሄደ።

ውኃውን በተመለከተ የአሜሪካ ደንብ ሁለት ስም ይለያል። አንዱ «የአደጋ ቀጠና» ነው፣ ዒላማ የሚተኮስበት፣ ቦምብ የሚጣልበት፤ ሁልጊዜ ሊዘጋ ይችላል፣ ወይም ተኩስ ባለበት ሰዓት ብቻ። ሌላው «የተገደበ ቀጠና» ነው፣ የመንግሥትን ንብረት ለመጠበቅ የሚከለል። ሁለቱንም የሚያወጣው የባሕር ኃይሉ ሳይሆን የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ክፍል ነው። ጠያቂውና ፈቃጁ አንድ አለመሆናቸውን ልብ በሉ። በዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 25 ንኡስ 3 ደግሞ ባለ ጠረፍ አገር ለጦር መሣሪያ ልምምድ ሲል በግዛት ባሕሩ ውስጥ የሌላ አገር መርከቦችን ሰላማዊ መተላለፍ ማገድ ይችላል። ግን በተለየ ቦታ፣ ለጊዜው፣ ሳያዳላ፣ አስቀድሞ በይፋ ካሳወቀ በኋላ ብቻ ነው። አራቱ ቃላት ለደረቅ መሬትም መለኪያ ይሆናሉ።

ቅጣቱ ከባድ አይደለም። ለተከለከለ ዓላማ የጦር ይዞታ ውስጥ የገባ እስከ ስድስት ወር እስራት ነው። ቪየኬስ ላይ ብዙ ሰው የተፈረደበት በዚህ ነው።

መልስ 2፦ አንኮበር ዳገት

ጠበቃ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን ንጽጽሩ ትንሽ አልከበደም? ደሴት ሰው የለበትም፣ አጥሩ ባሕር ነው። የእኛ ሜዳ ሦስት ቀበሌ ያዋስነዋል ተብሏል።

መልስ 3፦ ጠበቃው

ወንድሜ፣ ቪየኬስን ካርታ ላይ ተመልከተው። ባሕር ኃይሉ የያዘው ምዕራቡንና ምሥራቁን ጫፍ ነው፤ በምዕራብ የጥይት መጋዘን፣ በምሥራቅ የተኩስ ሜዳ። ሕዝቡ መሀል ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 1999 ከአውሮፕላን የተጣሉ ሁለት ባለ 500 ፓውንድ ቦምቦች ዒላማቸውን ስተው የሲቪል ጥበቃ ሠራተኛ ገደሉ፤ ያን ጊዜ የተነሣው ተቃውሞ በግንቦት 1 ቀን 2003 ልምምዱን አስቆመ። ዓሣ አጥማጁ ደግሞ ባሕሩ አጥር አልነበረም፣ እርሻው ነበር። ስለዚህ ከእኛ ግጦሽ ጋር ያለው ርቀት እንደሚመስለው አይደለም።

መልስ 4፦ የወል መሬት

ከሁሉ ይልቅ ለደጋው ሰው ምሳሌ የሚጠጋው የእንግሊዞቹ ነው። እ.ኤ.አ. የ1892ቱ የወታደራዊ መሬቶች ሕግ አንቀጽ 14 ለመከላከያ ሚኒስትሩ ሰው እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ እንዲያወጣ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ የ1900ው ሕግ ይህንኑ ወደ ባሕርና ወደ ዳርቻው አሰፋው። ነገር ግን ያው አንቀጽ 14 አንድ ማሰሪያ አለው፦ ደንቡ የወል ተጠቃሚዎችን መብት ሊነጥቅ ወይም ሊጎዳ አይችልም።

ግሪነም ኮመን በሚባለው የእንግሊዝ የወል ሜዳ የኑክሌር ሚሳይል ይቀመጥ ነበር። በ1985 ወጥቶ የነበረው ደንብ ማንም እንዳይገባ በጥቅሉ ከለከለ። ገብተው የተቀጡት የሰላም ተቃዋሚዎች እንጂ የግጦሽ ባለመብቶች አልነበሩም። ሆኖም በ1990 ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ችሎት ደንቡን ሙሉ በሙሉ ጣለው፤ ምክንያቱም ቃሉ ባለመብቶቹንም ጠቅልሎ ዘግቷልና፣ ቆርጦ ማውጣትም አይቻልም ተባለ። ቅጣቱ ተሻረ። ልብ በሉ፣ ሚኒስቴሩ የተሸነፈው ለምን ዘጋህ ተብሎ አልነበረም። «ከወል ባለመብቶች በስተቀር» የምትል ሐረግ ረስቶ ነው።

ወደ እኛ ስናመጣው፣ «የወል መሬት» ተብሎ በአንድ መስመር የሚታለፈው ነገር በውስጡ ቢያንስ አራት መብት አለው፦ ማሰማራት፣ ማጠጣት፣ ሣር ማጨድ፣ መተላለፍ። ባለቤታቸውም አንድ አይደለም። ምንጩን የሚጠቀመው ቀበሌ ሣሩን ላያጭድ ይችላል። መንገዱን የሚጠቀመው የቆላ ገበያተኛ የየትኛውም ቀበሌ ደብተር ላይ የለም። ቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ጠርቶ አራቱን በየስማቸው በቃለ ጉባኤ ሳያስመዘግብ የሚወጣ ማንኛውም ክልከላ ከግሪነም የተለየ ዕድል የለውም።

መልስ 5፦ ደጋው ሰው

ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ በምሳሌው ላይ ቆላ ወራጁን ገበያተኛ እጨምራለሁ። በካርታው ላይ ያለው ወሰን አራት ማዕዘን ነው፣ 2 ኪሎ ሜትር በ2 ኪሎ ሜትር። በዚህስ ላይ የምትሉት አለ?

መልስ 6፦ ቀያሽ ነኝ

አለ እንጂ። አራት ማዕዘን የሚያርሱት መሬት ነው፣ የሚተኩሱበት አይደለም። የተኩስ ወረዳ ቅርጹ እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ነው፦ ከተኳሹ ይጀምርና እየሰፋ ይሄዳል፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ነጥሮ ለሚወጣ ጥይት ክፍተት ይጨመርበታል። የክላሽ ጥይት የሚመታው 300 ወይም 400 ሜትር ላይ ነው ይባላል፣ እውነት ነው፤ ግን የሚገታው ካላገኘ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ባለ 12.7 መትረየስ ከ6 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ 2 በ2 የሆነ ሜዳ ከጀርባው የአፈር ክምር ወይም ኮረብታ ካልያዘ ለክላሽ እንኳ አይበቃም።

ቦታው ገደል አፋፍ ላይ ነው ብለሃል። ይህ ትልቁ ስሕተት የሚገባበት ነው። ወደ ገደሉ አቅጣጫ ከተተኮሰ የሚያቆመው ነገር የለም፣ ጥይቱ የሚያርፈው ቆላው ውስጥ ነው፣ በሌላ ቀበሌ ምናልባትም በሌላ ወረዳ። ምሳሌው ላይ የተኩስ አቅጣጫ በዲግሪ ይጻፍ፣ ወደ ደጋው፣ ኮረብታ ያለበት። አቅጣጫ የሌለው የተኩስ ወረዳ ካርታ ካርታ አይደለም።

ሁለተኛ ኮኦርዲኔት፣ ማለትም የቦታው መለያ ቁጥር። የቆየው ካርታችን አዲንዳን በሚባል የመለኪያ መሠረት ነው፣ በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ ሲገዛ የሚመጣው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባል በሌላ መሠረት ነው። ሁለቱም በካርታው ዞን 37 ላይ ስለሚጻፉ ቁጥሩ ይመሳሰላል፣ ማንም አይነቃም። ልዩነቱ ግን 200 ሜትር ያህል ነው። የምንጩ ራስ ከወሰን ውጭ ነው ተብሎ ተፈርሞ፣ ችካሉ ሲተከል ውስጥ ይገኛል። በሰነዱ ላይ ከእያንዳንዱ የማዕዘን ቁጥር ጎን የተለካበት መሠረት ይጻፍ፣ ችካሉም ሲተከል የሦስቱም ቀበሌ ሰው ቆሞ ይፈርም።

ምልክት፦ በኬፕ ራዝ፣ በስኮትላንድ ጫፍ፣ ተኩስ ባለበት ቀን ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ሌሊት ቀይ መብራት ይበራል። እኛ ዘንድ ባንዲራው ብቻውን አይሠራም። ጣርማ በር አካባቢ ሐምሌና ነሐሴ ጉም ሲወርድ አሥር እርምጃ ፊት ያለ በሬ አይታይም። መንገዱ በሚገባበት በእያንዳንዱ በር ሰው ይቁም። ጉሙ ከወረደ ደግሞ ተኩሱ ራሱ ይቁም፣ ይህ በደንቡ ላይ ካልተጻፈ አዛዡ ቀኑን ማባከን ስለማይፈልግ አይቆምም። ሰሌዳው ከጽሑፍ ጋር ሥዕል ይኑረው፤ ከአንዱ ሰሌዳ ቀጣዩ ይታይ። ሰዓቱም «ከጧቱ 3 ሰዓት» ተብሎ በእኛ አቆጣጠር ይጻፍ፤ የጦሩ ፕሮግራም 09፡00 ብሎ ከጻፈው ገበሬው ከቀኑ ወይም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ሊያነበው ይችላል።

መልስ 7፦ የመንዝ ልጅ

ከዚህ ሁሉ ርቆ መሄድ ምን አስፈለገ? መዝጋትና መክፈትን ጓሳ፣ የመንዝ የወል ሣር ሜዳ፣ ያውቀዋል። ቄሮ በሚባለው የቀድሞ የወል ሣር አጠባበቅ ሥርዓት ጊዜ ጓሳው ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፣ እንደ ሣሩ እድገት። የመክፈቻው ቀን የሚነገረው ሰው በተሰበሰበበት ነው፦ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ ቀብር ላይ። የሚከፈተው ድርቁ ሲጠና ነው፣ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሁሉም ይወጣል። ሥርዓቱ የቆመው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው፤ ዛሬ ጓሳን የአካባቢው ማኅበረሰብ በጥብቅ ስፍራነት ያስተዳድረዋል።

ሰሌዳ የማያነብ ሰው ሐምሌ 5ን አይስትም። የተኩስ ቀን በፈረንጅ ወር «በወሩ ሁለተኛ ሳምንት» ተብሎ ከሚወጣ፣ በበዓልና በገበያ ቀን ተቆጥሮ ይውጣ፦ «ከቅዳሜ ገበያና ከወሩ 21 በስተቀር» ቢባል እረኛው ጭምር ይይዘዋል። ለወዳጄ ለቀያሽም አንድ ቃል፦ በየበሩ የሚቆመው ሰው ከአገሬው ይሁን። ባዳ ወታደር «ተመለሽ» ያላት እናት በሌላ በር ዞራ ትገባለች።

መልስ 8፦ ማረሻና ጥይት

ሁላችሁም ስለመዝጋት ነው ያወራችሁት፣ ሰው የሚሞተው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ካሆኦላዌን ልጨርስላችሁ። ቦምቡ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1990 ቆመ። በ1993 የአሜሪካ ምክር ቤት ለማጽዳት 400 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፣ በ1994 ደሴቱ ለሃዋይ ግዛት ተመለሰ። ማጽዳቱ በ2004 ሲያበቃ ፊቱ የጸዳው ከመቶ 75 ያህል ነው። እስከ 4 ጫማ፣ 1.2 ሜትር መሆኑ ነው፣ ጥልቀት የጸዳው ከመቶ 10 ገደማ። ሩብ የሚሆነው ጨርሶ አልተነካም። ዛሬም ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው፣ በዙሪያው እስከ ሁለት የባሕር ማይል ያለው ውኃም በግዛቱ ሕግ የተከለለ ነው። ዓሣ ለማጥመድ የተፈቀደው በጥልቁ ክፍል ብቻ፣ በወር ሁለት ቅዳሜና እሑድ፣ ጀልባው እየሄደ መንጠቆ እየጎተተ ነው። መልሕቅ መጣል አይቻልም፣ ታች ያለው ነገር አይታወቅማ።

ቪየኬስ ደግሞ ሌላ ብልሃት ታየባት። ቦምብ ሲያርፍበት የኖረው ጫፍ በሕግ «የዱር ጥብቅ ስፍራ» ተባለ፣ ሕዝብ እንዳይገባበትም በዚያው ሕግ ተጻፈ። ሰው የማይገባበት መሬት ደግሞ እንደ መኖሪያ መሬት አይጸዳም። ስሙ ተለወጠ፣ አጥሩ ቀረ። እዚህም «ለደን ልማት ተከልሏል» የሚል ወረቀት ከተኩስ ሜዳ በኋላ ካያችሁ ምን ያህል ጥልቀት እንደጸዳ ጠይቁ።

ጥልቀት የሚወሰነው መሬቱ በኋላ በሚሠራበት ሥራ ነው፣ በበጀት አይደለም። ለከብት ብቻ ከሆነ ፊቱን ማጽዳት ለጊዜው ያስኬዳል። የበሬ ማረሻ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። የባሕር ዛፍ ጉድጓድ ግማሽ ሜትር ነው፣ እርከንም እንዲሁ። የቤት መሠረት ከዚያ ይበልጣል። በዚያ ላይ ዋልካ መሬት ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፤ ድንጋይ ከሥር እየገፋ የሚያወጣው እርሱ ነው፣ ያልፈነዳውንም እንዲሁ ያወጣዋል። ዘንድሮ ጸዳ የተባለ ማሳ ከሦስት ክረምት በኋላ እንደገና መታየት አለበት። ደግሞ በደጋው አፈር እየከመሩ ማቃጠል የቆየ የገብስ አዘራር ነው። ያልፈነዳ ሞርታር ያለበትን አፈር ከምሮ በኩበት ማቃጠል ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። የመመለሻው ሰነድ ይህን ልማድ በስሙ ጠርቶ መከልከል ወይም ጥልቀቱን መጨመር አለበት።

ከተኩስ በኋላ ያለው ሥራ እንዲህ ነው፦ ስንት ተተኮሰ፣ ስንት ፈነዳ፣ በየቀኑ ይቆጠራል። ልዩነቱ ያልፈነዳው ነው፤ የወደቀበት ቦታ በኮኦርዲኔት ይመዘገባል፣ በዚያው ቀን የፈንጂ ባለሙያ እዚያው በወደቀበት ያከስመዋል። አይነሣም፣ አይከመርም። የመዝገቡ ቅጂ ለወረዳው ካልተሰጠ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ አጽጂው ሜዳውን ሁሉ ሲፈትሽ ይኖራል፤ ወጪውን የሚያንረው ይህ ነው። ቀለሁም ይለቀም። ነሐስ ዋጋ አለው፤ ልጆች ለቁራሌው ሊሸጡ ቀለህ ሲለቅሙ ነው ሌላውንም የሚያነሡት።

መልስ 9፦ ደጋው ሰው

ጠበቃ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። በምሳሌው ላይ ሜዳው የሚዘጋው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው ቢባል ካሣ አለ ወይ?

መልስ 10፦ ጠበቃው

ጥሩ ቦታ ነካህ። ከሥሩ ልጀምር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ በንኡስ አንቀጽ 8 መንግሥት የግል ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ይከፍላል። መከላከያ የፌዴራል ነው (51 ንኡስ 6)፣ መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው (52 ንኡስ 2 መ)። ስለዚህ የልምምድ ሜዳ በአንዱ ብቻ አይከለልም፤ ጠያቂው ፌዴራል፣ አስለቃቂው የአካባቢው አስተዳደር ነው። ጠያቂና ፈቃጅ ይለያዩ ያልኩት እኛም ዘንድ በመርሕ አለ ማለት ነው።

ካሣው በአዋጅ 1161/2011 ነው፣ በ2016 በወጣው 1336 ተሻሽሏል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳታነብ ለሥልጠና እንዳታቀርበው። በ1161 የገጠር ባለይዞታ ምትክ መሬት ሳያገኝ ለዘለቄታው ሲነሣ የመፈናቀያ ካሣው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው፤ በቀድሞው 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ በ10 ነበር። ለወል መሬትም የተለየ ድንጋጌ አለ፣ ከአጠቃቀሙ ወይም ከጠፋው ጥቅም ተነሥቶ ይሰላል።

አሁን የአንተ ችግር። አዋጁ ሁለት መሳቢያ ነው ያለው፦ ለዘለቄታው የለቀቀና ለጊዜው የለቀቀ። በሳምንት ሁለት ቀን የሚዘጋ ግጦሽ ከሁለቱም አይገባም፤ ሰዎቹ አልለቀቁም። ደብተሩ በእጃቸው ነው፣ ከብቱ ግን በእነዚያ ቀኖች የሚሰማራበት የለውም። አስለቃቂው ይህን ሲያይ «አልወሰድንባችሁም» ይላል። መፍትሔው ክልከላውን ከመጀመሪያው በጊዜያዊነት የተለቀቀ አድርጎ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ብሎ መፈረም ነው። ካሣው ሲሰላ የሁለት ቀን ሣር ብቻ አይቆጠርም፤ ሁለት ቀን ሌላ ሜዳ ላይ የሚጨናነቀው ከብት ያኛውንም ይጎዳዋልና ያም ይግባ።

ጉዳት ለደረሰበት ሰው ግን ሌላ በር አለ፣ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2069 በፈንጂ ሌላውን ለተለየ አደጋ ያጋለጠን ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። «ሰሌዳ ተክለናል» ማለት ብቻውን ከዚህ አያወጣም። የሚያስወጣው ጊዜ ነው፦ በአንቀጽ 2143 ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። እግሩን ያጣ እረኛ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ሽምግልና ተቀምጦ፣ «ይታያል» ተብሎ ሁለቱ ዓመት ያልፋል። ስለዚህ በምሳሌህ ላይ የማዕዘን ችካሉን ኮኦርዲኔት፣ የተኩስ ቀናቱን መዝገብና የማስታወቂያውን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ቀበሌው በራሱ ፋይል እንዲይዝ አድርግ። ማስረጃው ሁሉ በጦሩ ቢሮ ብቻ ካለ፣ ከሳሹ ቦታው በዚያን ቀን ዝግ እንደነበርና እንዳልነበር እንኳ ማስረዳት አይችልም።